የአፕል ጠጅ ስትጥሉ እርሾና ጭማሪ ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ «እርሾ አምጪ» ካላችሁ የሚመጣላችሁ የእንጀራው እርሾ ነው። እኔም የመጀመሪያውን የአፕል ጠጅ የጣልኩት በሱ ነበር፤ 20 ሊትር ጭማቂ ጀሪካን ውስጥ፣ ከቡሃቃው የተጨለፈ አንድ ጭልፋ እርሾ። በአሥረኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት አክስቴ ከበሩ ሳትገባ አሸተተችና «ይሄማ አቼቶ ነው፤ ለሰላጣ አስቀምጪው» አለችኝ። በእንጀራ እርሾ ውስጥ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ። እንጀራን እንጀራ ያሰኙት እነሱ ናቸው፤ አፕሉን ግን ያኮመጥጡታል። የኔ ጀሪካን ክዳኑም ላልቶ አየር ያስገባ ስለነበር የአቼቶው ባክቴሪያ ተመችቶታል።

ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ የዳቦ እርሾ ይሻላል። አልኮል ያወጣል፣ ግን ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ አተላውም በደንብ ስለማይረጋ ስትቀዱት ይበጠበጣል። ለመለማመጃ 5 ሊትር ላይ ሞክሩት። የወይን ጠጅ እርሾ ካገኛችሁ ግን እሱን ያዙ፤ 5 ግራሟ ፓኬት ለ20 ሊትር ያህል ትበቃለች። «እንዲጠነክር» ብሎ ሦስት ፓኬት መነስነስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያጠነክረው ስኳሩ ነው። በሊትር 17 ግራም ገደማ ስኳር አልኮሉን 1 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። እዚህ ላይ እጃችን ሰፊ ነው፤ ስኳር በዛ ማለት ግን የአፕሉ ጣዕም ጠፋ ማለት ነው።

ብርዱን መርሳት ሌላው ነው። ያለነው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ኅዳር ላይ ውርጩ ቤት ድረስ ይገባል። የሻምፓኝ እርሾ ከሚባሉት አንዳንዶቹ 10 ዲግሪ ላይም ይሠራሉ፤ የዳቦው ይተኛል። ጠጁ ቆመ ብላችሁ እርሾ ከመድገማችሁ በፊት ጀሪካኑን በመንዝ ባና ጠቅልላችሁ ሁለት ቀን ጠብቁት። እርሾውን ስትበጠብጡም ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ልትጎዱት ወይም ልትገድሉት ትችላላችሁ።

«ጌሾስ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። የጌሾ ምሬት የማር ጣፋጭነትን ይችላል፤ አፕል ላይ ግን የሚቀመሰው ጌሾው ብቻ ይሆናል። በወይራ የታጠነ ጋንም እንደዚያው።

የታሸገ ጭማቂ ከገዛችሁ ጀርባውን አንብቡ። ፖታሲየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት የሚባል ማቆያ ካለበት እርሾው እንዳይባዛ ይይዘዋል፤ ሳምንት ብትጠብቁም አረፋ ላታዩ ትችላላችሁ።

ጭማቂውን ከጀርም የሚያጸዳውን ሰልፋይት ከእርሾው ጋር በአንድ ቀን አትጨምሩ፤ በመሃል 24 ሰዓት ይለፍ። ጠጁ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ብዙ ጊዜ እርሾው ምግብ አንሶት ነው፤ የአፕል ጭማቂ ናይትሮጅን ይጎድለዋል። የእርሾ ምግብ የሚጨመረው ግን ገና ሲጀምር እንጂ መጨረሻ ላይ አይደለም።

ጠጁ ፈልቶ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ አደገኛ ነው፤ ጋዙ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። እኔ ሁሌም አንዱን በለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ አሽጌ ከሌሎቹ ጎን አቆመዋለሁ። በየቀኑ በጣቴ እጫነዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሌሎቹንም ክዳን አላላለሁ።