በአንድ ስልክ ለስልሳ ተማሪ፦ የዲጂታል ዜግነትን እንዴት እናስተምር?

ተማሪው «ንቁ ዜጋ ማለት…» ብሎ ትርጉሙን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ማታ ደግሞ በአባቱ ስልክ የመጣውን የቴሌግራም ወሬ ሳያጣራ ለዘመድ አዝማድ ያዳርሳል። ኮምፒውተር ስለጠፋ ብቻ የመጣ ችግር አይመስለኝም፤ ልጁ ወሬ አጣርቶ፣ ተከራክሮ፣ ጥያቄውን ቢሮ ድረስ ወስዶ አያውቅም። የዲጂታል ዜግነት የምለውም ይህን ማድረግ መቻልን ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ደጀንም ሆነ ዳንግላ፣ በመምህሩ ስልክና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚሆን ነው።

1. ወሬውን ምረጡ

ከፖለቲካና ከግጭት አትጀምሩ። ክፍሉ ወገን ይለይና ማጣራቱ ይቀራል፣ ልጆቹም ለአደጋ ይጋለጣሉ። ለጎጃም ገበሬ ልጅ ከማዳበሪያ የቀረበ ነገር የለም። ለናሙና ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፦

«ሰበር ዜና!! የዩሪያ ምዝገባ ነገ ይዘጋል። ስማችሁንና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራችሁን ላኩ። ሳትቆዩ ሼር አድርጉ!»

2. ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ

«ነገ» የሚለው የቱ ነገ ነው? ቀን ስላልተጻፈበት በየካቲትም በግንቦትም ቢዞር ትኩስ ነው። ይዘጋል ያለውስ ማን ነው፣ ወረዳ ግብርና ነው ወይስ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ? ሚስጥር ቁጥር ለማዳበሪያ ምን ይሠራል? ልጆቹ ራሳቸው እስኪደርሱበት ጠብቁ። ለእኛ ለመምህራን ከባዱ ይኸው ዝምታ ነው።

3. ከመልእክቱ ወጥታችሁ አጣሩ

እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 የመረጃ አጣሪዎችና 25 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው በአርማውና በአጻጻፉ ሲታለሉ፣ አጣሪዎቹ ቶሎ ወጥተው ሌሎች ስለ ገጹ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። በአንድ ስልክም ይሠራል፦ ክፍሉ ምን ተብሎ እንደሚፈለግ ተከራክሮ ይወስናል፣ አንድ ተማሪ ይጽፋል፣ የተገኘው ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ኔትወርክ ከሌለስ? በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማንጠልጠል አይሆንም። ሁለት ተማሪ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሂድ፤ ሌላው የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ጽፈው ይምጡ።

ፎቶ ሲሆን ደግሞ የገበሬ ልጅ መምህሩን ይበልጣል። «በዚህ ሐምሌ ጎጃም ውስጥ የተነሣ» የተባለ ፎቶ ላይ ጤፉ ወርቅማ ሆኖ ለአጨዳ ከደረሰ፣ ጤፍ በሐምሌ እንደሚዘራ የሚያውቅ ልጅ የፎቶ መፈለጊያው ጉግል ሌንስ አያስፈልገውም። የመኪናውን ታርጋ ያንብቡ፦ «አማ» ይላል ወይስ ሌላ? የግድግዳው ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? ሰዎቹ የለበሱት የብርድ ነው የሙቀት? ለዚህ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ ከሁሉም የሚወዱት ይህን ነው።

4. ኮሜንት በወረቀት

አንድ የማያስማማ ነገር አንሡ፤ ስልክ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ የሚለው ይበቃል። እያንዳንዱ ስሙን ሳይጽፍ መልሱን በወረቀት ይጻፍ። ወረቀቶቹ ይደባለቁና አንድ ሰው ያንብባቸው። ስድብ ያለበት ሲመጣ «ይህን ፊት ለፊት ትለዋለህ?» ብላችሁ በስድቡ ምትክ ምክንያት እንዲገባበት አስደርጉ። የጎጃም የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን (የፈጠረውን) ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ መታረም እዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ንም ጥቀሱ፦ ጥላቻ መንዛትና ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨት ወንጀል ነው፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን የሐሰተኛ መረጃው ቅጣት ይከብዳል። ማስፈራሪያ ግን አታድርጉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት መስጠቱንም እኩል ይወቁ።

5. ደብዳቤ ጽፎ ማስገባት

ብዙ የዲጂታል ትምህርት እዚህ ሳይደርስ ይቆማል። ፌስቡክ ላይ ማማረር ቀላል ነው፤ ሰው የሚፈርምበት ጥያቄ ግን መልስ ይጠይቃል። ለምሳሌ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ደርቆ ከሆነ በቡድን ይጻፉ፦ ቀን፣ ለማን፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የቧንቧ ጥገና በጀት መያዝ አለመያዙን ስለመጠየቅ»። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከግማሽ ገጽ ሳይበልጥ። ልጆቹ እንዳይጋለጡ ፊርማው የመምህሩ ወይም የወላጅ ኮሚቴው ይሁን።

ሁለት ቅጂ ይዘው ወደ መዝገብ ቤት ይሂዱ። አንዱ ይገባል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ። ያቺን ቁጥር ሳይዙ የተመለሱ እንደሆነ ደብዳቤው «አልደረሰንም» ሊባል ይችላል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ቀኑን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ተማሪዎቹ ይቁጠሩ። ምላሽ ከሌለ ቅሬታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይቀርባል፤ እዚያም ካልተፈታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፣ ቅርንጫፉ ባሕር ዳር አለ።