ርቀት ከማስላታችሁ በፊት፦ ደጋግሜ ያየኋቸው የፕሮጀክሽን (ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስፈር) ስህተቶች

በቀደም አንድ ልምምድ ላይ ያለ ልጅ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን ርቀት ዳታቤዙን ጠይቆ መልሱን አሳየኝ፦ 2.35። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ዲግሪ ነው። ጂፒኤስ የሚሰጠንን ኬክሮስና ኬንትሮስ (የሥርዓቱ መለያ ቁጥር ኢፒኤስጂ 4326 ነው) ምድርን እንደ ጠፍጣፋ በሚያሰላው የጂኦሜትሪ ዓይነት ካስቀመጥነው፣ ፖስትጂአይኤስ (የካርታ መረጃ የሚይዘው ዳታቤዝ) ርቀቱን የሚመልሰው በዲግሪ ነው። ልጁ መጠየቁ ደስ አለኝ፤ ብዙዎች ሳይጠይቁ በ111 አባዝተው ያልፋሉ። እዚህ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ አንድ ዲግሪ በየትኛውም አቅጣጫ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ማባዛቱ የሠራ ይመስላል። ስቶክሆልም ላይ ግን የምሥራቅ-ምዕራቡ ዲግሪ 57 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አትልመዱት።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። ኤስቲ-ሴት-ኤስአርአይዲ የሚባለው የፖስትጂአይኤስ ትእዛዝ ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚጠቁሙትን ቁጥሮች) አይቀይርም! የሚቀይረው ስያሜውን፣ ማለትም የሥርዓቱን መለያ ቁጥር፣ ብቻ ነው። ውሃ የሞላ ጀሪካን ላይ «ዘይት» ብላችሁ ብትለጥፉ ውሃው ዘይት አይሆንም። ቁጥሩን የሚቀይረው ኤስቲ-ትራንስፎርም ነው። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ አሁንም በየሳምንቱ አየዋለሁ።

የምቆጣው እኔም ስለሠራሁት ነው። ከድሮ ቶፖግራፊ ካርታ ላይ የተነሱ የወንዝ መስመሮች መጡልኝ። ሜትር ናቸው፣ ዞን 37 (ምድር በኬንትሮስ ከተከፈለችባቸው ቁራጮች አንዱ) ናቸው ብዬ 32637 የሚል ስያሜ ሰጠኋቸው፤ ይህ በጂፒኤስ ዳተም የዞን 37 መለያ ነው። ዳተም ማለት ቦታ የሚለካበት የምድር ቅርጽና መነሻ ነው። ካርታው ግን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የድሮ ዳተም ነበር፤ ትክክለኛው ስያሜ 20137 ነው። በሁለቱ መካከል እኛ አገር ወደ ሰሜን 200፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ወንዞቼ በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራተቱ። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከወንዝ 250 ሜትር ይርቃል ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ስንደርስ ወንዙ ከማጠቢያ ገንዳው 40 እርምጃ ላይ ይፈሳል። የጣቢያው ጥበቃ ወረቀቴንና ወንዙን እያፈራረቀ ሲያይ ዛሬም ፊቱ ይታየኛል። መጀመሪያ 20137 ብላችሁ ሰይሙ፣ ከዚያ ወደ 32637 ትራንስፎርም አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው።

ዞንም አለ። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ጅማ፣ አጋሮና ቦንጋ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሚዛን ተፈሪና መቱ ግን ከመስመሩ ወዲያ፣ ዞን 36 ላይ ያርፋሉ። የሁለቱ ዞኖች ቁጥር አንድ ዓምድ ውስጥ ከተቀላቀለ የሚወጣው ርቀት ትርጉም የለውም። ሥራችሁ ጅማ ዙሪያ ብቻ ከሆነ 32637 ይበቃል፤ በኪሎ ሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያስረዝመው። ከጅማ ቴፒ የሚዘረጋ ዳታ ከሆነ ጂኦግራፊ የሚባለውን ዓይነት ተጠቀሙ። ዘገም ይላል፤ ግን መልሱ በሜትር ነው፣ የዞን ጣጣም የለበትም።

3857ን (የድረ ገጽ ካርታዎች የሚጠቀሙበትን ፕሮጀክሽን) ለማሳያ ካርታ ብቻ ተዉት። እዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለን 100 ኪሎ ሜትር 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምርበታል። ስቶክሆልም ላይ እጥፍ ሊያደርገው ምንም አይቀረው።

ነጥብ ስታስገቡ ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል። ከገለበጣችሁት ጅማ አልጄሪያ ውስጥ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ትገኛለች።

«ከጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ገበሬዎች» ለማለት ደግሞ ኤስቲ-ዲዊዚን የሚባል ትእዛዝ አለላችሁ፤ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ቶሎ የሚፈልግበትን ማውጫ) ይጠቀማል። ለእያንዳንዱ ማሳ ርቀት አስልቶ ማጣራት ማሽኑን ማሰቃየት ነው።

የምታገኙት ርቀት ቀጥታ መስመር መሆኑንም ለአለቃችሁ ንገሩ። ጅማና አዲስ አበባ በቀጥታ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ መኪናው ግን ወደ 350 ይሄዳል። እሸት ቡና በበቅሎ ጭኖ የሚመጣውን ገበሬ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ለብቻው በሌላ ዓምድ መዝግቡት።