እራትን በአንድ ማዕድ፦ ቤተሰብን ማታ ማታ እንዴት ማሰባሰብ ይቻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ወላጆች በታክሲ ሰልፍ አምሽተው ሲገቡ ልጆች በልተው ስለሚተኙ፣ ቤተሰቡ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ በወጉ ሳይተያይ ይሰነብታል። ስለዚህ በየቀኑ አብሮ ለመብላት ከማቀድ ይልቅ፣ ሁሉም ሊገኝ የሚችልባቸውን ሁለት ምሽቶች፣ ለምሳሌ ረቡዕንና እሑድን፣ መርጦ መጀመር ይሻላል። ረቡዕን በሚጾም ቤት ሽሮና ጎመን ይበቃሉ፤ የምግቡ ዓይነት ብዙ ሊያሳስብ አይገባም። ልጆች እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በባዶ ሆድ እንዳይጠብቁ 11 ሰዓት ገደማ ቆሎ ወይም ዳቦ ይቅመሱ።

ታናሹ እጅ ያስታጥብ፣ ታላቁ እንጀራ ያቅርብ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ስልኮችም፣ የአባትየው ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጡ።

ዋናው ነገር ጨዋታው ነው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ምንም» ስለሆነ፣ «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትክ?» ብሎ መጠየቅና ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥ ይበጃል። ስለ ፈተና ውጤት የሚሰነዘር ወቀሳ ግን ለሌላ ሰዓት ይቆይ፤ ልጅ እንባ እየተናነቀው እንጀራ ሲውጥ ማየት ያሳዝናል። ያኮረፈ ካለ ምክንያቱን ከመጠየቅዎ በፊት ወጥ በደንብ የነካው ጉርሻ ያጉርሱት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛውን ያስከትሉ፤ ወሬውን ራሱ ሊጀምረው ይችላል።