ራም ጨምራችሁ ኮምፒውተሩ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለጥገና የሚመጡልኝ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የገቡ የቢሮ ማሽኖች ናቸው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ 3020፣ 9020፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1። ሁሉም ዲዲአር3 የሚባለውን የራም ትውልድ ነው የሚወስዱት። ባለቤቶቹ በ4 ጊጋ ይገዟቸውና ልጆቹ ኦንላይን መማር ሲጀምሩ ወደ 8 ወይም 16 ማሳደግ ይፈልጋሉ። ራሙ ግራና ቀኝ ጠቅ ብሎ መግባቱን፣ ማሽኑ በአሮጌው ራም ብቻ መነሳቱን አረጋግጣችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ አዲሱ ራም ሲገባ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አሮጌው ሲመለስ ይነሳል።

እጄ ላይ የሚመላለሰው ችግር ይሄ ነው። ራሙ ላይሞት ይችላል፣ ማዘርቦርዱም አልተቃጠለም። ፕሮሰሰር የሚሠሩት ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ኢንቴልና ኤኤምዲ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የተሸጠላችሁ ራም ለኢንቴል ማሽን በማይሆን ቺፕ የተሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር በአንድ ጊዜ 64 ቢት ይቀባበላል። በቤት ኮምፒውተር ራም ላይ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ቺፕ 8 ቢት ስለሚያቀብል ስምንቱ ቺፖች 64ቱን ይሞላሉ። ለሰርቨር ራም ተብለው የሚሠሩ፣ 4 ቢት ብቻ የሚያቀብሉ ቺፖችም አሉ። እነሱ 64 ለመሙላት 16 ሆነው መሰለፍ አለባቸው። የቆዩት የኤኤምዲ ማሽኖች ይህን አሰላለፍ ያውቁታል፤ የኢንቴል ዴስክቶፕ አያውቀውም። በነዚህ ቺፖች የተሠራው ራም ዋጋው ረከስ ስለሚል ገበያውን ሞልቶታል። «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ስቲከሩ ላይ የለም፣ ሻጩም አይነግራችሁም።

ቺፕ በመቁጠር አትለዩትም። ደህናው ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3ም 16 ቺፕ ነው ያለው። ማንበብ አለባችሁ። ስቲከሩ ላይ «2አርኤክስ8» የሚል ከሆነ መልካም ነው፤ «1አርኤክስ4» ካለ አትንኩት። ስቲከር ግን ማንም አትሞ ይለጥፋል፤ ስለዚህ እዚያ አታቁሙ፣ ቺፑን ራሱን እዩ። ሳምሰንግ ከሆነ «ኬ4ቢ4ጂ» ከሚለው ቀጥሎ አራት ቁጥር አለ፦ 0846 ይሆናችኋል፣ 0446 አይሆናችሁም። ሃይኒክስ ከሆነ «ኤች5ቲኪው4ጂ» ከሚለው ቀጥሎ 83 ካለ ግዙ፣ 43 ካለ መልሱ። ጽሑፉ ጥቁር ቺፕ ላይ በደብዛዛ ግራጫ የተጻፈ ስለሆነ ፊት ለፊት አይታይም፤ የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት፣ ፎቶ አንሱና አጉሉት። ብረት የለበሰ፣ ስሙ የማይታወቅ ዲዲአር3 ከሆነ ቺፑን ማየት ስለማትችሉ ይቅርባችሁ። ዲዲአር3 ለቤት አገልግሎት ያን ያህል አይሞቅም፤ ብረቱ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ለመደበቅ ነው የሚያገለግለው።

አንድ የሰፈራችን ሰው ለ9020 ማሽኑ ቀይ ብረት የለበሰ 8 ጊጋ ከመርካቶ ገዛ። አልነሳ ሲለው ሻጩ ጋ ደወለ፤ «ወንድሜ፣ ባዮሱ ስላረጀ ነው፣ አፕዴት አድርገው» ተባለ። ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። አፕዴቱ መሃል ላይ ሳለ መብራት ሄደ፣ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አልነሳም። ብረቱን ፈልቅቄ ሳየው ከሥሩ 0446 የሚል ቺፕ ተደርድሯል። ይህን ራም ኢንቴል ላይ የሚያስነሳ ባዮስ የለም! በዚያ ላይ እኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ ባዮስ አትንኩ። ማንም ቢላችሁ አትንኩ።

አንዲት እናት ደግሞ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ቀይሪው» ተብላ ኮምፒውተሯን በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። አሮጌውን 4 ጊጋ በላዩ ላይ ብር ጨምራ ለሻጩ በልዋጭ ስለሰጠችው መሞከሪያ እንኳ በእጇ አልቀረም። የራሴን መሞከሪያ ራም ስሰካበት ወዲያው ተነሳ። ማዘርቦርድ ብትገዛ ኖሮ የልጆቿ የትምህርት ቤት ወጪ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ አዲሱ ራም ሠርቶ ሳታዩ አሮጌውን ከእጃችሁ አታውጡ።

መፍትሄው፦ ማሽኑን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስነሱት። መንገዱ ሩቅ ከሆነ «ለኢንቴል፣ የማይሠራ ከሆነ ይመለሳል» ብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። ይህን መጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው። ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ራም ይልቅ ከቢሮ ማሽን የተነቀለ ሳምሰንግ ወይም ሃይኒክስ ይሻላችኋል፣ ያገለገለ ቢሆንም። ቤት ስትደርሱ ሜምቴስት86 የሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም አንድ ሙሉ ዙር ይሂድበት፤ አንዲት ቀይ መስመር ከታየች ሌላ ማጣሪያ አያስፈልግም፣ በማግስቱ መልሱት።

ምልክት፦ ለወራት ሠርቶ ድንገት ሰማያዊ ስክሪን፣ ወይም ኤችፒው በቀይ መብራት አምስቴ እየጮኸ አልነሳም ይላል።

እኛ ጋ ይህ ብዙ ጊዜ ከአቧራ ነው። መንገዱ አስፋልት የለውም፣ ግንባታው አይቆምም፣ ኬዙ ደግሞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ ራሙን አውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ እሹ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ ራሙ የሚሰካበትን ስሎት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። በብርጭቆ ወረቀት የፋቀ ሰው አጋጥሞኛል፤ ወርቁ አንዴ ከተላጠ ከሥሩ ያለው መዳብ ይዝጋል፣ ራሙም አለቀለት። በሽቶ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጉ። ስትጨርሱ ኬዙን ከመሬት አንሱት።

ምልክት፦ 8 ጊጋ ገብቷል፣ ዊንዶውስ ግን ሦስት ጊጋ ምናምን ብቻ ይጠቀማል።

ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢቱን ጫኑ። 64 ሆኖም ሙሉውን ካልተጠቀመ «ኤምኤስኮንፊግ» በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ «ማክሲመም ሜሞሪ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ 4ኛ ትውልድና ከዚያ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነጠላ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር3 አይቀበልም፤ 3020 ያለው ሁለት ስሎት ስለሆነ ጣሪያው ሁለት ባለ 8 ነው። የዲዲአር4 ራም ጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለይ ዲዲአር3 ስሎት ላይ አይገጥምም፤ በጉልበት አትግፉት፣ ስሎቱ ይሰነጠቃል። ላፕቶፕ ከሆነ፣ በተለይ 4ኛ ትውልድ፣ «ፒሲ3ኤል» የሚለውን በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ፈልጉ፤ ባለ 1.5ቱ ብዙዎቹን አያስነሳም። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ቢገቡ ሁለቱም በቀርፋፋው ይሄዳሉ እንጂ ጉዳት የለውም። አራት ስሎት ያለው ማሽን ላይ ጥንዱን ማንሻቸው አንድ ዓይነት ቀለም በሆኑት ስሎቶች ስኩ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ቪዲዮ ላይ ፈጠን ይላል።