ከጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ እንዴት ማገገም ይቻላል?

ወጣቶችን ብዙ ጊዜ የሚጎዳቸው ስንፍና ሳይሆን ችኮላ ነው። ሕመሙ ቶሎ ይጠፋል፤ በተበጠሰው ምትክ የተተከለው ጅማት ግን ደም ሥር አብቅሎ እስኪጠነክር ወራት ይፈጃል።

መጀመሪያ መዘርጋት። ሙሉ በሙሉ ያልተዘረጋ ጉልበት ውሎ አድሮ ያስነክሳል። ጋቢ ጠቅልለህ ተረከዝህን ከላዩ አሳርፍ፤ ከጉልበትህ ሥር ምንም አይኑር። እናት አዝና ትራስ ልታስገባ ትችላለች፤ እንደ ምንም ብለህ እምቢ በል። ከዚያ ጋቢውን አንሣና እግርህን ፍራሹ ላይ ዘርጋ። መዳፍህን ከቋንጃህ ሥር ከተህ የጭንህን ጡንቻ በማጥበቅ ወደ ታች ተጫነው። 5 ሰከንድ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ድገም። መዳፍህ ካልተጫነ ጡንቻው ገና አልነቃም።

እብጠቱን በረዶ በፎጣ ጠቅልለህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዝበት። ባትህ ካበጠና ካመመህ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ግን ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ።

ቀጥሎ መራመድ። ጎንደር የምትኖር ከሆነ ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ የታመመው። ጉልበትን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባጃጅ ኮንትራት ይዘህ እግርህን ኋላ ወንበር ላይ ብትዘረጋ ይሻላል። ክራንቹን የምትጥለው ሳታነክስ መሄድ ስትችል ነው።

ቁጢጥ ማለት፣ በርጩማ ላይ መቀመጥና ስግደት ይቆዩ። መኒስከስም (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ልም አጥንት) አብሮ ከተሰፋ ገደቡ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል፤ ቀዶ ሐኪምህን ጠይቅ። ወጌሻ ጋ ሄደህ ደግሞ እንዳታስጎትተው! የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሠለጥን ስለሆነ ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅብህም። ቋሚ ብስክሌት፣ ከዚያ ከወንበር መነሣት፣ ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም፤ ክብደቱን ባለሙያው ይጨምርልህ። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ከማዕድህ አይጥፉ፤ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይመለስም።

ኳስስ? ከ9 ወር በፊት አይታሰብም። ወሩ ሞላ ተብሎም ዝም ብሎ ሜዳ አይገባም። የታመመው እግር ጥንካሬና በአንድ እግር የሚዘለው ርቀት ከደህናው ቢያንስ 90 በመቶ ይድረስ። ከዚያም መጀመሪያ ብቻህን ሩጥ፣ ቀጥሎ አቅጣጫ እየቀየርክ፣ ከቡድን ጋር ያለ ንክኪ፣ መጨረሻ ላይ ግጥሚያ።