ታቹ ገንፎ የማይሆን የቲማቲምና የአይብ ፔስትሪ

ጅማ፣ ሄርማታ ነው የምንኖረው። የእኛን ግቢና የጎረቤቴን ግቢ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ሊደርስ ሲል ከአጥሩ በላይ ሰሃን ይመጣል። ሳምቡሳ ነው፣ የምስር። የሥጋውን ለእኔ አትልከውም፤ እኔም የፋሲካውን ዶሮ ለእሷ አልክም። ተነጋግረንበት አናውቅም፣ እንዲሁ ይታወቃል። ብቻ ሰሃን ባዶውን አይመለስምና አንድ ነገር መሙላት ነበረብኝ። ዳቦ ሰለቸኝ። ብስኩት ልጆቿ ከሱቅ ይበላሉ። ያኔ ነው የቲማቲምና የአይብ ፔስትሪ የጀመርኩት። ሥጋ የለው፣ ማን ባረከው የሚባል ጣጣ የለው። የእኔ ችግር እሮብና አርብ ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጣጠሙማ ሳልቀምስ ነበር የምጋግረው። ጨዉን የሚቀምስልኝ የ6 ዓመት ልጄ ነበር። ፍርዱ ሁሌ አንድ ነው፦ «እንጃ፣ አንድ ልድገምና ልንገርሽ።»

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከላይ ሲያዩት ፎቶ የሚያስነሳ ነበር። ከታች ግን ገንፎ። ጎረቤቴ ሰሃኑን ስትመልስ «ይቺ ክፍቷ ሳምቡሳሽ ትጣፍጣለች፣ በማንኪያ ነው እንዴ የምትበላው?» አለችኝ። ስሟም በዚያው «ክፍቷ ሳምቡሳ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያበላሸሁት ዱቄት ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ጠላታችን ውሃ ነው። ቲማቲም ከመቶ 94 እጁ ውሃ ነው። አይብም ውሃ አለው። ቅቤም አለው፤ የቅቤው ግን ይፈለጋል፣ እደርስበታለሁ።

ለ20 ፍሬ የሚበቃው ይህ ነው። ፉርኖ ዱቄት 380 ግራም፤ ሚዛን ከሌላችሁ በውሃ ብርጭቆ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ 3 ሙሉ። ቅቤ ሩብ ኪሎ። ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ። አቼቶ አንድ የሾርባ ማንኪያ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ 2 የቡና ስኒ፣ ሁሉም ላያስፈልግ ይችላል። ለላዩ 6 ወይም 7 ቲማቲም፣ 300 ግራም አይብ፣ 150 ግራም ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ቺዝ (እኔ የማገኘው ፕሮቮሎን ነው)፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከተገኘ እርጥብ በሶብላ። አንድ እንቁላል ለመቀቢያ። ጥቁር አዝሙድ ለመነስነሻ።

ቅቤው ላይ ትንሽ ልቆይ። በፋብሪካ ታሽጎ የሚሸጠው የገበታ ቅቤ ካላችሁ ተገላገላችሁ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ከገበያ ለጋ ቅቤ ነው የምገዛው፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣውን። አፍንጫችሁን አትፈሩ፣ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት። የበሰለ ቅቤ ለፀጉርና ለወጥ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ለጋውን ቤት ስታደርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያሻችሁ እጠቡት። የመጀመሪያው ውሃ ወተት ይመስላል፣ ያ አሬራው ነው። ድፉትና ድገሙ። ውሃው ጥርት እስኪል 4 ወይም 5 ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ ጨምቃችሁ፣ እንደ ሳሙና ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ 40 ደቂቃ። መታጠብ የሚቀንሰው ስላለ ከሩብ ኪሎው ትንሽ አስበልጣችሁ ግዙ።

ንጥር ቅቤ ግን በፍጹም። ሞክሬዋለሁ። ኮረሪማው ቤቱን የፋሲካ ዋዜማ አስመሰለው፤ ሊጡ ግን አልተነሳም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስናነጥር የቅቤውን ውሃ እናተነዋለን። ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ ግን ውሃው ውስጡ ነው። ያ ውሃ በኦቨኑ ሙቀት ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የሊጡን ንብርብር ወደ ላይ የሚገፋውም እሱ ነው። ሚልፎይ ለምን እንደሚነባበር ኬክ ቤት ብትጠይቁ መልሱ ይኸው ነው።

ሊጡን ጠዋት ሥሩት፣ ከ3 ሰዓት በፊት። የጅማ ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ በክረምትማ ቅቤው እጃችሁ ላይ እንኳን ቶሎ አይለሰልስም። ዱቄቱንና ጨዉን ቀላቅሉ። ቅቤውን ከፍሪዘር አውጥታችሁ የባቄላ ፍሬ በሚያህል ቁረጡትና ዱቄቱ ውስጥ ጣሉት። አትሹት! ዳቦ ለምደን እጃችን ካላሸ አይረካም፤ እዚህ ግን የቅቤው ቁራጭ እንደቁራጭ መቆየት አለበት። አቼቶውን ውሃው ውስጥ ጨምሩና በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ በጣታችሁ ጫፍ ብቻ ሰብስቡት። የተሰባበረ፣ ቅቤው ነጭ በነጭ ሆኖ የሚታይ፣ «ይሄ ነገር ተበላሸ» የሚያሰኝ ሊጥ ይሆናል። አልተበላሸም። ጠፍጥፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። (ፎርኖ በጣሊያንኛ ምድጃ ነው፣ አቼቶም የእነሱ ቃል ነው። ከጣሊያን ኩሽና ቃሉን ወስደን ፔስትሪውን ለኬክ ቤት መተዋችን ይገርመኛል።)

አሁን ማጠፍ ነው። ዱቄት ነስንሳችሁ ሊጡን በመዳመጫ ረዘም አድርጋችሁ ዳምጡት፤ ወርዱ አንድ ስንዝር፣ ርዝመቱ ሦስት ስንዝር ያህል። መዳመጫ ከሌለ የለስላሳ ጠርሙስ ይሠራል፣ እኔ ዓመት ሙሉ በሱ ነው የሠራሁት። እንደ ደብዳቤ ሦስት ቦታ እጠፉት። ሩብ ዙር አዙሩና እንደገና ዳምጡ፣ እንደገና እጠፉ። ከዚያ 20 ደቂቃ ፍሪጅ። አሁንም ሁለት ጊዜ እንዲሁ። በአራት እጥፋት 3 የነበረው 9፣ 27፣ 81 ይሆናል። በመሃል ስትዳምጡት ተመልሶ የሚሰበሰብ ከሆነ ደክሞታል ማለት ነው፤ አትታገሉት፣ ፍሪጅ መልሱት። ቅቤው በላዩ ወጥቶ እጃችሁን ካቀባው ደግሞ ሞቆታል፤ መድኃኒቱ ያው ፍሪጅ ነው።

ሊጡ ሲያርፍ ወደ ቲማቲሙ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ፤ ክቡ ትልቁና እንቁላል የሚመስለው ሞላላ። ሞላላውን ውሰዱ፣ ሥጋው ብዙ ውሃው ጥቂት ነው። ጠንከር ያለ፣ ቀይ፣ ስትጫኑት የማይሰረጉድ። ለሶስ የሚሆነውን ልስልሱን ሻጯ በርካሽ ልትሰጣችሁ ትፈልጋለች፤ ለወጥ ውሰዱላት፣ ለዚህ ግን አይሆንም። የእርሳስ ውፍረት በማይሞላ ስስ ክብ ክብ ቁረጡት። ፍሬውንና ዝልግልጉን በጣታችሁ ግፉና አውጡት። ፓስታ ማጥለያ ላይ ደርድሩ፣ ጨው ነስንሱ፣ ከሥሩ ሳህን አድርጉና 30 ደቂቃ ተዉት። አንድ ቀን ለጉድ ብዬ የተንጠባጠበውን ለካሁት፤ ከ6 ቲማቲም ግማሽ ብርጭቆ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያ ሁሉ ሊጡ ላይ ይፈስ ነበር! አትድፉት፣ የማታውን ሽሮ ሥሩበት። ጨው እንዳለው ግን አትርሱ። ቲማቲሙን በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅ ተጫን ተጫን አድርጋችሁ አድርቁት።

አይቡም እንዲሁ ነው። የገበያ አይብ እርጥብ ነው። ባረጀ ነጠላ ቋጥሬ ማታውኑ የቧንቧው አንገት ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ጠዋት ስፈታው ፍርፍር የሚል፣ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጽ የሚይዝ ሆኖ ይገኛል። ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከደቀቀው ቃሪያ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከተፈቀፈቀው ቺዝ ግማሽ ጋር ቀላቅሉት።

ለምን ሁለቱም? በአማርኛችን አይብና ቺዝ ሁለት ነገር ናቸው፤ ኦቨን ውስጥም ሁለት ነገር ናቸው። አይብ አሬራው በኮምጣጣነቱና በሙቀት ረግቶ የሚወጣ ስለሆነ እሳት ቢነካውም አይቀልጥም፣ ባለበት ይቀመጣል። ይህ ለእኛ በጎ ነው፤ ቲማቲሙን የሚሸከም ፍራሽ ይሆናል፣ የተረፈችውን ውሃም ይጠጣልናል። ቺዙ ይቀልጣል፣ ይሳባል፣ ልጆች የሚጣሉበትም እሱ ነው። በአይብ ብቻ ብትሠሩት ይደርቃል። በቺዝ ብቻ ከሠራችሁት ዘይቱ ይወጣል፣ ኪስም ይጎዳል።

ሊጡን 3 ሚሊሜትር ያህል እስኪሳሳ ዳምጡና በስለታም ቢላ 10 በ10 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ቢላውን ተጫኑት እንጂ አትጎትቱት፤ ከተጎተተ ጠርዙ ይጣበቅና በአንድ ጎን ብቻ ይነሳል። ከጠርዙ አንድ ጣት ገባ ብላችሁ ዙሪያውን በቢላ ጫፍ መስመር አድርጉ፣ እስከ ታች ግን አይዝለቅ። መሃሉን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉት። ዙሪያው እንዲነሳ፣ መሃሉ እንዲተኛ ነው ይህ ሁሉ። አይቡን መሃሉ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በላዩ ቲማቲም 2 ወይም 3 ክብ፣ የበሶብላ ቅጠል ጣል። እንቁላሉን ጠርዙ ላይ ብቻ ቀቡ። በጎን ከወረደ ንብርብሩን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ጥቁር አዝሙዱን እንቁላሉ ላይ። ከነትሪው 15 ደቂቃ ፍሪጅ።

ኦቨኑን 210 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ አሙቁ። የቤት ኦቨን ቁጥሩ ይዋሻል። የእኔ 210 ሲል 180 እንኳን አይሆንም ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ የተረፈ ቁራጭ ሊጥ አስቀድሜ እልካለሁ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ማበጥ ከጀመረ ደርሷል። ቅቤው ቀልጦ ትሪው ላይ ከተኛ ግን ገና ነው፣ ጠብቁ። ጅማ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እንፋሎቱ ቶሎ ይወጣል፣ ሊጡም ቶሎ ይደርቃል፤ ከቆላ አገር የተጻፈ የማብሰያ ደቂቃ ካላችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቀድማችሁ ማየት ጀምሩ። ትሪውን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስገቡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ የቀረውን ቺዝ ነስንሱና ወደ 190 ዝቅ አድርጉት። ሌላ 8 ደቂቃ። ቺዙን ከመጀመሪያው ብታደርጉት ያርራል።

መድረሱን በላዩ አትመኑ። አንዱን በቢላ ጫፍ ቀና አድርጋችሁ ታቹን እዩ። ቡና ሲቆላ ከቢጫነት አልፎ ቡኒ ሊሆን ሲል ያለውን ቀለም ታውቁት የለ? እሱ ነው። ነጣ ካለ መልሱት።

መብራት ድርግም ቢልስ? በመሃል ሄዶብኝ ያውቃል፣ ያውም ሊጡ ማበጥ ሲጀምር። ኦቨኑን አልከፈትኩም፤ 10 ደቂቃ ጠበቅኩ። አልመጣም። ከሰል አያያዝኩና ትሪውን እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ ጨረስኩት። ታቹ ጠቆር አለ፣ ላዩ ገርጥቶ ቀረ። ተበላ። ከዚያ ወዲህ ግን ጎረቤቶቼን «መብራት አለ?» ሳልላቸው ቅቤ አላወጣም።

ሲወጣ ትሪው ላይ አታቆዩት፣ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። እኔ ሰፌድ ላይ ነው የምደረድረው፣ አየር በሥሩ ያልፋል። 10 ደቂቃ ይብቃው። ለቡና ቁርስ ከሆነ አቦሉ ሲቀዳ ከኦቨን እንዲወጣ አስሉት፤ ለቶና ይደርሳል። ለጎረቤት የሚላከውን በፌስታል አትሸፍኑት። ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ለነገ የተረፈውን በደረቅ ምጣድ ላይ፣ በዝግታ እሳት፣ ክዳን ሳትከድኑ 5 ደቂቃ አሙቁት። ጥሬው ሊጥ ደግሞ ተቆርጦ፣ በመሃሉ ወረቀት እየገባ፣ ፍሪዘር ውስጥ ወር ይቆያል፤ ቲማቲምና አይቡን ግን በዕለቱ ነው። ከጠርዝ የሚተርፈውን ቅንጥብጣቢ አንድ ላይ አትጨፍልቁት፣ ንብርብሩ ይጠፋል። እንዳለ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጉት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበትና ትሪው ጥግ ላይ አስቀምጡት። 12 ደቂቃ ይበቃዋል። በእኛ ቤት ይህቺ ሰፌዱ ላይ ሳትደርስ ነው የምታልቀው።