ሰውን ከመቼቱ ነጥሎ መጻፍና ሌሎች የልብ ወለድ ጸሐፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ታሪክ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ «መቼት» ብለው የሰየሙት «መቼ» እና «የት» የሚሉትን ሁለት ቃላት አዋሕደው ነው። ስያሜው የሚመሰገን ነው። ሆኖም በርካታ ጀማሪ ጸሐፊዎች መቼትን ከገጸ ባሕርይ የተለየ ሥራ አድርገው ስለሚይዙት አስቀድመው ቦታውን ያሳምራሉ፤ ቦታው ካማረ በኋላ ሰዎችን አምጥተው ያስገቡበታል። እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰባሰብን ረቂቆቻችንን የምናነብ ጥቂት ጎረቤቶች አለን። እዚያ ከሰማኋቸውና ራሴም ከጻፍኳቸው ረቂቆች ውስጥ ያልተሳኩት አብዛኞቹ የወደቁት ጸሐፊው ቋንቋ አንሶት ወይም ሴራ ማዋቀር አቅቶት አይደለም፤ ሰውየው ከሚኖርበት መሬት፣ መሬቱም ከሚኖርበት ሰው ተነጥሎ በመጻፉ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች መልካቸው ቢለያይም ምንጫቸው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የሚያጋጥመኝ ገጸ ባሕርይን በመልኩ ዝርዝር ማስተዋወቅ ነው። «ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ መልኩ ቀይ ዳማ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ዕድሜው ስድሳ የሚጠጋ የጥበቃ ሠራተኛ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብዙ የነገረን ይመስላል፤ ሁለት ገጽ ካለፍን በኋላ ግን ከእነዚያ ቃላት አንዱንም አናስታውስም። ይህንኑ ጥበቃ በሌላ መንገድ እናስብ። የአካባቢያችን አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና የረገጠውን ሁሉ ይይዛል። አንድ አዲስ ነዋሪ መኪናውን ከሕንፃው ጀርባ ሊያቆም ሲል ጥበቃው ጠጋ ብሎ «እዚያ ጋ ባያቆሙት ይሻላል፣ ሰኔ ሲገባ ውኃ ይተኛበታል» ይለዋል። ነዋሪው የሚታየው ደረቅ መሬት ብቻ ስለሆነ አይሰማውም። ሰኔ ላይ፣ አንድ ሌሊት ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ የመኪናው ጎማ እስከ ግማሹ ሰምጦ ይገኛል፤ ጥበቃው አካፋ ይዞ ይመጣና ምንም ሳይናገር ጭቃውን መዛቅ ይጀምራል። ይህ ሰው ሕንፃው ከመቆሙ በፊት በዚሁ መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራ እንደነበር ደራሲው በቃል ባይነግረንም አንባቢ ይደርስበታል፤ ትዕግሥቱንና ዝምታውንም አብሮ ያውቃል። ስለ አፈሩ የተጻፈው ስለ ሰውየውም የተጻፈ ሆነ ማለት ነው። አፍንጫው ሰልካካ ይሁን አይሁን ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ገጸ ባሕርዩ የሚፈልገው ነገር አለመኖሩ፣ ወይም ፍላጎቱ በእጅ የማይጨበጥ መሆኑ ነው። «አልማዝ ሰላምና ደስታ የተሞላበት ሕይወት ትመኝ ነበር» ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው ነገር አያገኝም። አልማዝ የምትፈልገው ሁለት ጀሪካን ውኃ ቢሆን ግን ታሪኩ ወዲያውኑ ይንቀሳቀሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ናት እንበል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው መጥቷል፤ ግፊቱ ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። በማግስቱ የባሏ ሙት ዓመት ነው፤ ድስቱ አልታጠበም፣ ወጡ አልተሠራም። ውኃው በደንብ የሚወርደው ከታች፣ ምድር ቤት ከምትኖረው ሴት ቧንቧ ነው፤ ከእርሷ ጋር ደግሞ በልብስ ማስጫ ገመድ ምክንያት ከተኳረፉ ሰባት ወር አልፏቸዋል። አልማዝ ባዶ ጀሪካኖቿን እንዳይጋጩ አራርቃ ይዛ፣ በጨለማው ደረጃ ላይ እግሯን እየዳበሰች ትወርዳለች። በሩ ሥር ስትደርስ ከውስጥ የሚንዠቀዠቅ ውኃ ይሰማታል። እጇን ታነሳለች፤ ሳታንኳኳ ትመልሳለች። በዚህች ቅጽበት ኩራቷ፣ ሐዘኗ፣ የሰፈሩ ችግርና የጎረቤታሞቹ ጠብ በአንድ በር ላይ ተገናኝተዋል። አንድ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ እንደሚመዝን፣ ሁለቱን አራት ፎቅ ይዛ መውጣት እንዳለባት የሚያውቅ አንባቢ በሩ ቢከፈት እንኳ ሥራዋ እንደማያበቃ ይገነዘባል። «ሰላምና ደስታ» የሚለው ትልቅ ምኞት በውስጧ መኖሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ወደ እርሱ የምንገባው በጀሪካኑ በኩል ነው።

ስለ ዓለሙ የሚያውቁትን ሁሉ በመግቢያው ላይ ማራገፍም የተለመደ ነው። አንድ ወዳጃችን ያመጣው ረቂቅ የሚጀምረው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ ሲሆን፣ የባሕር ዛፍን መምጣትና የከተማዋን መስፋፋት አልፎ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከአልጋው የሚነሳው በአራተኛው ገጽ ላይ ነበር። የጻፈው ሁሉ በጥንቃቄ የተጠና እንደሆነ ያስታውቃል። ነገር ግን ዕውቀቱ ለታሪኩ የሚፈለግበት ሰዓት ገና አልደረሰም ነበር፤ አራቱን ገጾች አውጥቶ ጥቂቱን ብቻ በየቦታው ሲመልስ ታሪኩ በእግሩ ቆመ።

ዕውቀት በሚያስፈልግበት ቦታ ሲጎድል ደግሞ ሌላ ስህተት ይፈጠራል፤ ይህንን በተለይ ጠበቅ አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በቀላሉ ሊታረም እየቻለ አንባቢን እስከ መጨረሻው የሚያስከፋ ነው። በ1960 ዓ.ም. በሚፈጸም ታሪክ ውስጥ ገጸ ባሕርዩን «የቀበሌ ቤት» ውስጥ ያኖረ ረቂቅ አንብቤአለሁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ንብረት የሆኑት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም። የኮንዶሚኒየም ግንባታ የተጀመረው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በመሆኑ በ1992 ዓ.ም. ዕጣ የደረሳት ሴት ልትኖር አትችልም። የከተማዋ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ቀደም ብሎ ከቃሊቲ ባቡር የተሳፈረ ገጸ ባሕርይም አንባቢን ከታሪኩ ያስወጣል። ወቅትም እንዲሁ ነው። ከውጭ ፊልሞች በተለመደ ዐይን ኅዳር ላይ ቅጠል የሚያረግፍ፣ ታኅሣሥ ላይ በጉም የሚያጨልም ጸሐፊ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ በከተማዋ ዳርቻ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ሌሊቱ የሚበርድበትና በቀሩት ማሳዎች ላይ እህል የሚታጨድበት ጊዜ መሆኑን ዘንግቷል። መንገዱም ዋጋ አለው። «ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ፒያሳ ደረሰ» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር ንጋት ላይ መነሣትን፣ ረጅም የታክሲ ሰልፍን፣ ከዚያም እየተቀያየሩ መሳፈርን ከገጸ ባሕርዩ ላይ ያነሣለታል፤ ይህን ድካም በየቀኑ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ከልጆቹ ጋር የሚነጋገርበት ድምፅ እንኳ የተለየ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የቦታና የሰው ስሞችን እንደ ምልክት ብቻ መለጠፍን ላንሣ። በአቅራቢያችን ያለው ቱሉ ዲምቱ ለብዙ አዲስ ነዋሪ የታክሲ መውረጃ ነው፤ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ግን ስሙን በጠራ ቁጥር «ቀይ ኮረብታ» እያለ ነው። ሁለት ገጸ ባሕርያት ይህንን አንድ ስም ሲናገሩ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን እያዩ እንደሆነ ያስተዋለ ጸሐፊ ብዙ ማብራሪያ ይቀርለታል። በሰው ስምም ቢሆን ማስረሻ የሚባል ልጅ ከእርሱ በፊት በቤቱ ውስጥ የደረሰ ሐዘን እንዳለ፣ ምትኩ የሚባለውም የአንድ የጠፋ ሰው ቦታ እንደተሰጠው ይናገራል። ጸሐፊው ስሙን ስለወደደው ብቻ ሰጥቶት፣ ያ ሐዘን በታሪኩ ውስጥ የትም ሳይነሣ ቢቀር አማርኛ አንባቢ የጎደለ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣን ኅብረተሰቡ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ሲያወጣለት፣ በዚያች አንዲት ቃል የሰውየው አስተሳሰብ ከዘመኑ የወጣ መሆኑም፣ ዘመኑ እንዲህ ባለው ሰው ላይ የሚፈርደው ፍርድም አብሮ ተነግሮናል። ገጸ ባሕርይና ዓለም በአንድ ምት ሲፈጠሩ ማለት እንዲህ ነው።

ሁሉንም ሰው በጸሐፊው አንደበት ማናገር የሚቀጥለው ስህተት ነው፤ ቋንቋችን ለዚህ የሰጠንን መሣሪያ ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያሳዝነኛል። «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚለኩ ቃላት ናቸው። ወደ ጥበቃው እንመለስ፤ ስሙ ቶላ ይሁን። ስድሳ ዓመት የተጠጋው ይህ ሰው ሥራው ስላስተማረው ልጁ ሊሆን የሚችለውን ነዋሪ «እርስዎ» ይለዋል፤ ወጣቱ ደግሞ «ጥበቃ፣ በሩን ክፈት» እያለ በ«አንተ» ይጠራዋል። ጭቃው ተዝቆ መኪናው በወጣበት ጠዋት ወጣቱ «አባባ ቶላ፣ ይበቃዎታል፣ እኔ ልያዝ» ሲል፣ ቶላም ሳያስበው «ተው ልጄ፣ ልብስህ ይበላሻል» ብሎ ሲመልስ ሁለቱም የሚጠራሩበትን ቃል ለውጠዋል። ደራሲው «ግንኙነታቸው ተለወጠ» ብሎ ቢጨምርበት የተሠራውን ያበላሻል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው ንግግር ለማሳቂያ ሰባብሮ መጻፍ ሰውየውን ከሰውነት ያወርደዋል። ቶላ አጭርና ጥርት ያለ አማርኛ ቢናገር፣ የልጅ ልጁን ሲጠራ ግን በኦሮምኛ «ኮቱ» (ና) ቢል፣ የትኛው ቋንቋ የቤቱ እንደሆነ እንረዳለን።

ደግን ፍጹም ደግ፣ ክፉን ፍጹም ክፉ አድርጎ መሣል ብዙ ጊዜ የተነገረ ስህተት ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በእኛ ረቂቆች ውስጥ ክፉው ብዙውን ጊዜ የመሬት ደላላ ነው። ደላላው እየዋሸ ሲያሻሽጥ ውሎ ማታ ምን ይዞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ለራሱም በድርጊቱ ላይ ምን ምክንያት እንደሚሰጥ ያላሰበ ጸሐፊ፣ ገበሬውን በእርሱ ፊት እንዲያሸንፍም እንዲሸነፍም ቢያደርገው ትግሉ አይከብድም።

ምናባዊ ዓለም የሚፈጥሩ ጸሐፊዎች ደግሞ «ልብ ወለድ ስለሆነ ሁሉም ይቻላል» ብለው ያስባሉ። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» የሚል ምላሽ ሳይሰጣቸው ተረት አይጀምሩም ነበር፤ በዚያ ደጃፍ የገባ ሁሉ እንስሳት እንደሚናገሩ ተቀብሎ ይገባል፤ ጦጣ ግን ብልጥ፣ ጅብ ግን ሆዳም ሆነው ይቀጥላሉ። በከተማው ዳርቻ ሌሊት ጅብ ይጮኻል። አንድ ጸሐፊ ይህ ጅብ የሰውን ስም የሚጠራበትን ዓለም ቢፈጥር፣ የተጠራ ሰው ካልመለሰ ጅቡ እንደማይነካው ቢደነግግ፣ ያ ድንጋጌ በታሪኩ መጨረሻ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለማዳን ሲባል ሊሻር አይገባም። ይልቁንስ ድንጋጌው ሰዎቹን ምን እንዳስተማራቸው ማሰብ ይጠቅማል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ማታ በስም አይጠሩም ይሆናል፣ የታመመ ሰው ሌሊት ሲጣራ የሚመልስለት አጥቶ ያድር ይሆናል። በእነዚህ ልማዶች ውስጥ ያ ዓለም ራሱን ችሎ ይቆማል።

የመጨረሻው ሰውን በአንድ ሌሊት መለወጥ ነው። የቶላን ታሪክ ከመካከላችን አንዷ ስትጽፈው፣ የመኪናው ባለቤት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከጭቃው በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ለጥበቃዎች ደመወዝ ሲከራከር፣ በስብሰባ ላይ ሲናገር እናገኘዋለን። ጸሐፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጽፈው ይህንን ሁሉ አወጣችው። በአዲሱ ረቂቅ ወጣቱ «አባባ» ማለቱን አልተወም፤ ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ግን መኪናውን እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ያቆማል፤ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ በሩን ከመክፈቱ በፊት ቶላ የት እንዳለ በመስታወቱ ይፈልጋል።